«ጠፋ» የተባለው ሁሉ አልጠፋም፦ የዲስክ አከፋፈልና ፋይልን የማትረፍ ስያሜዎች ሂሳዊ ምርመራ

የሙያ ቃላት መልካምነት የሚለካው በድምፃቸው ማማር ወይም በግእዝ ሥር ላይ በመመሥረታቸው ብቻ አይደለም። ቃሉን የሰማ ሰው ከሰማ በኋላ በሚሠራው ሥራም ይለካል። የመድኃኒት ስያሜ ቢደበላለቅ በሽተኛው ያልታዘዘለትን ሊወስድ እንደሚችል ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ስያሜም ሲደበላለቅ ሰው ሊተርፍለት ይችል የነበረውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ሊደመስስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የመሰለውን ጉድለት ነው። ይኸውም የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በዲስክ ላይ የሚደርሰውን ጉዳትና ጉዳቱን ለማቃናት የሚደረገውን ሥራ ለመግለጽ በአማርኛ የሚሠራባቸውን ቃላት ይመለከታል።

ለምርመራው መነሻ ያደረግናቸው አጠቃቀሞች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በስልክና በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚታዩት የትእዛዝ ቃላት ናቸው። ሁለተኛው ለሥልጠና የሚዘጋጁ ጽሑፎች ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የጥገና ባለሙያዎችና ደንበኞቻቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው አጭርነት፣ ሁለተኛው ሥርዓት፣ ሦስተኛው ሕይወት አለው። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ጉድለት ግን ለየቅል ለሆኑ ነገሮች አንድ ቃል መስጠታቸው ነው።

1. የሚሰየመው ነገር

በቃላቱ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ቃላቱ የሚሰየሙለትን ነገር በአጭሩ ማየት ይገባል። ዲስክ የሚጻፍበትን ቦታ የሚያቀርበው ሴክተር በሚባሉ ባለ ቁጥር ትናንሽ ቦታዎች ነው። የአንዱ ሴክተር መጠን ለብዙ ዘመን 512 ባይት ሆኖ ቆይቶ በኋላ 4096 ባይት የሚይዝም መጥቷል። በዚህ ቦታ ላይ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የወሰን ሰንጠረዥ ነው። አንድ ዲስክ ለብዙ አገልግሎት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ የሚነግረው ይህ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር በወጣው አሠራር ሰንጠረዡ የሚገኘው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ውስጥ ነው። ከ512ቱ ባይት 446ቱ ለማስነሻ ፕሮግራም፣ 64ቱ እያንዳንዳቸው 16 ባይት ለሆኑ አራት የወሰን መግለጫዎች፣ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ደግሞ ለመለያ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ጂፒቲ የተባለው አሠራር በተለመደው አደረጃጀቱ 128 መግለጫዎችን ይይዛል፤ የሰንጠረዡን ሁለተኛ ቅጂም በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያኖራል።

ሁለተኛው የፋይል ሥርዓት ነው። ይህ የፋይሎችን ስም፣ አቃፊዎችን፣ እንዲሁም የትኛው ቦታ የየትኛው ፋይል እንደሆነና የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘግበው ነው። ሦስተኛው ራሱ ይዘቱ፣ ማለትም ሰው የጻፈው ጽሑፍ፣ ያነሣው ፎቶግራፍ ወይም ያስላው ሂሳብ ነው።

በአንድ ፋይል ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ለተጠቃሚው አንድ ሥራ ይመስላል። ለዲስኩ ግን ቢያንስ ሦስት ሥራ ነው፤ ባዶ ቦታን «ተይዟል» ብሎ መመዝገብ፣ ቦታውን ለፋይሉ ማስረከብ፣ ይዘቱን በቦታው መጻፍ። ከዚህም ጋር የሥርዓተ ክወናውና የዲስኩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ገና በዲስኩ ላይ ያልሰፈረን ነገር ይዞ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ኃይሉ በዚህ መካከል ሲቋረጥ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ይቀራል።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት አራት ዓይነት ነው። ዲስኩ በሚከፋፈልበት ጊዜ ኃይል ቢቋረጥ የወሰን ሰንጠረዡ ሊበላሽ ይችላል፤ ይዘቱ ግን በቦታው ነው። የአቃፊው መዝገብ ቢበላሽ የፋይሉ ስም አይገኝም፤ ይዘቱ ግን ሊኖር ይችላል። ጽሑፉ በማኅደረ ትውስታ ብቻ የነበረ ከሆነ በዲስኩ ላይ ከመነሻውም አልነበረም። በይዘቱ ቦታ ሌላ ነገር ተጽፎበት ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ይዘት ፈጽሞ ተደምስሷል። እነዚህ አራቱ በመድኃኒታቸው ፈጽሞ አይገናኙም። በአማርኛችን ግን አራቱም «ጠፋ» ይባላሉ።

2. «ጠፋ» እና «አጠፋ»

«ጠፋ» ከግእዙ «ጠፍአ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን በአማርኛ የያዘው የትርጉም ስፋት ከፍ ያለ ነው። እሳት ሲከስም ጠፋ ይባላል። ከብት ከመንጋው ሲለይ፣ ወታደር ከሰፈሩ ሲኮበልል፣ ሀገር ሲወድም፣ እህል ከገበያ ሲታጣ ቃሉ ያው ነው። «ጥፋት» የሚለው ስምም ውድመትንም በደልንም ያመለክታል። በሌላ በኩል ለብዙ ጊዜ ያላየነውን ወዳጃችንን በመንገድ ስናገኘው «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። ይህን የምንለው በፊታችን ለቆመ ሰው ነው።

ይህ የሰላምታ አነጋገር የቃሉን መሠረታዊ ባሕርይ ያሳያል። «ጠፋ» በብዙ አገባቡ የሚናገረው ነገሩ በነበረበት ወይም በሚጠበቅበት ቦታ አለመገኘቱን እንጂ በዓለም ላይ አለመኖሩን አይደለም። ከሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ስሙ ከአቃፊው መዝገብ ለተሰወረ ፋይል «ጠፋ» ማለት ትክክል ነው፤ በላዩ ሌላ ለተጻፈበት ይዘት ግን ያንኑ ቃል መጠቀም ሊገኝ የሚችለውንና የማይገኘውን አንድ ማድረግ ነው።

ችግሩ የሚከፋው ወደ አድራጊው ግሥ፣ ወደ «አጠፋ» ስንሻገር ነው። በብዙ ግሦች በአድራጊውና በተደራጊው ቅርጽ መካከል ያለው ልዩነት የባለቤት ልዩነት ብቻ ነው። በዚህ ግሥ ግን የትርጉሙም ክብደት ይለወጣል። «ልጁ ጠፋ» ሲባል ፍለጋ ይወጣል። «ልጁን አጠፋው» ሲባል ግን ነገሩ ከፍለጋ አልፎ ወደ ከባድ ወንጀል ይሄዳል። «ጠፋ» ተስፋን ሲተው «አጠፋ» ተስፋን ይዘጋል። አማርኛ ያለ ፈቃድ ማጣትን የሚገልጸው በ«አጠፋ» ሳይሆን «ጠፋብኝ» በሚለው ቅርጽ መሆኑም ይህንኑ ያጠናክራል።

ይህ ልዩነት በጥገና ቤት ውስጥ ትልቅ ዋጋ አለው። ደንበኛው «ፋይሉ ጠፋብኝ» ካለ የደረሰበት ነገር አለ ማለት ነው፤ «ፋይሉን አጠፋሁት» ካለ ደግሞ ራሱ የሠራው ሥራ አለ። የመጀመሪያው ወደ ኃይል መቋረጥና ወደ ዲስክ ብልሽት፣ ሁለተኛው ወደ ስረዛ ይመራል። ሁለቱን ሰምቶ በደረሰኝ ላይ «ፋይል ጠፍቷል» ብሎ አንድ ዓይነት ቃል የሚጽፍ ባለሙያ ደንበኛው የሰጠውን እጅግ ጠቃሚ ማስረጃ ይጥላል።

በትእዛዝ ገጾች ላይ ያለው አጠቃቀም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «አጥፋ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ መሣሪያን ለመዝጋት፣ ሌላ ጊዜ አንድን አገልግሎት ለማቆም፣ ሌላ ጊዜም ፋይልን ለማስወገድ ተጽፎ ይገኛል። «ዲስኩን አጥፋው» የሚል መመሪያ የደረሰው ሠራተኛ የዲስኩን ኃይል ይዝጋ ወይስ በውስጡ ያለውን ይሰርዝ? አረፍተ ነገሩ አይነግረውም። የልደት መዝገብ ወይም የደመወዝ ሂሳብ በሚቀመጥበት ቢሮ ይህ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ለመብራቱ መቋረጥ ግን ሕዝቡ ራሱ የተሻለ ቃል አለው። «መብራት ጠፋ» ከማለት ይልቅ «መብራት ሄደ»፣ ሲመለስም «መብራት መጣ» ማለት በከተሞቻችን የተለመደ ነው። መብራት እንደ እንግዳ ይሄዳል፣ ይመጣል። ይህን አነጋገር ሥልጠናው ከነባሕርይው ቢቀበለውና መደበኛውን «የኃይል መቋረጥ» ከጎኑ ቢያቆም፣ «ጠፋ» ከሸክሙ አንዱን ያራግፍ ነበር።

3. «ሰረዘ»፣ «ፋቀ»፣ «ደመሰሰ»

ማጥፋት ለሚለው ልቅ ቃል ምትክ ለመፈለግ ወደ ባዕድ ቋንቋ መሄድ አያስፈልግም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጽሑፍን ስለ ማስወገድ የተለያዩ ቃላት ነበሯቸው፤ እነዚህም ቃላት ዛሬም በሁሉም አፍ ያሉ ናቸው።

መሰረዝ በጽሑፍ ላይ መስመር ማስመር ነው። የተሰረዘ ቃል «አይነበብ» ተብሎ ምልክት ተደረገበት እንጂ ከገጹ አልተነሣም፤ ትኩር ብሎ ላየው ይነበባል። መፋቅ ግን በምላጭ ወይም በቢላ ቀለሙን ከብራናው ማንሣትና ቦታውን ለሌላ ጽሑፍ ማሰናዳት ነው። መደምሰስ ደግሞ በማናቸውም መንገድ ቢሆን እንዳይመለስ አድርጎ ማጥፋት ነው።

አሁን ይህን ከዲስኩ አሠራር ጋር እናስተያይ። ፋት በተባለው፣ ዛሬም በትናንሽ ተንቀሳቃሽ ማስቀመጫዎች ላይ በሚገኘው የፋይል ሥርዓት፣ አንድ ፋይል ሲወገድ በአቃፊው ውስጥ ያለው የስሙ የመጀመሪያ ባይት በ229 ቁጥር ይተካል፤ ይዞት የነበረውም ቦታ «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል። ይዘቱ ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ይህ ከቃል ላይ መስመር ከመሳብ ምን ይለያል? እንግዲህ «ሰረዘ» ለዚህ ሥራ የተሰጠ ልክ ስም ነው።

«ፋቀ» የሚለውም ቦታ አለው። መግነጢሳዊ ዲስክ በቀድሞው ጽሑፍ ላይ በቀጥታ ሊጽፍ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክና ፍላሽ ማስቀመጫ ግን በተጻፈበት ቦታ ላይ እንደገና ለመጻፍ አስቀድሞ ያን ስፍራ ማጽዳት አለበት፤ ይህም እንደ ብራና ጸሐፊው ፍቆ መጻፍ ነው። ከዚህም በላይ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ በሚሠራበት ኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘው ፋይል ይዘት ብዙ ሳይቆይ ሊፋቅ ይችላል። ስለዚህ «የተሰረዘ ፋይል ሁሉ ይመለሳል» የሚለው በአንዳንድ የሥልጠና ጽሑፎች የሚገኝ አባባል ለአሮጌው ዲስክ ይቀርባል፤ ለአዲሱ ግን አያስተማምንም። ሁለቱን ቃላት ለይቶ የያዘ ተማሪ ይህን ልዩነት በአንድ አረፍተ ነገር ይረዳል፤ «አጠፋ» ብቻ የተማረው ግን ረጅም ማብራሪያ ይፈልጋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ «ሰርዝ» አንድ ጉድለት እናመልክት። በአንዳንድ ገጾች ይኸው ቃል የተጀመረን ሥራ ለመተውም ያገለግላል። «ስረዛውን ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ እስከ ማጋጠም የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ «ይቅር» የሚለው ሌላው የተለመደ አጠቃቀም እጅግ የተሻለ ስለሆነ እርሱ እንዲጸና እንደግፋለን።

4. «ክፍልፋይ»፣ «ክልል»፣ «ክፍል»

ፓርቲሽን ለሚባለው የዲስክ ድርሻ የተሰነዘሩት ስያሜዎች በርካታ ናቸው። «ክፍልፋይ» በትምህርት ቤት የሂሳብ ቃል ሆኖ ጸንቷል፤ ግማሽና ሩብ ክፍልፋይ ናቸው። ተማሪው ይህን ቃል ሲሰማ መጠንን እንጂ ስፍራን አያስብም። «ክልል» በሥሩ መልካም ነበር፤ «ከለለ» ማጠርን፣ መከለልን ያሳያልና። ነገር ግን ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ የአስተዳደር ትርጉሙ የበላይነቱን ስለያዘ «ሁለተኛው ክልል ተበላሽቷል» የሚል የጥገና ማስታወሻ ከዲስክ ይልቅ ፖለቲካን ያሳስባል።

«የዲስክ ክፍል» ግልጽና ትሑት ስያሜ ነው፤ እኛም እርሱን እንመርጣለን። ነገር ግን ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን የሰንጠረዡ ስም ነው። «የክፍልፋይ ሠንጠረዥ» ከማለት «የወሰን ሰንጠረዥ» ማለት ይሻላል የምንለው በምክንያት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ስለ ወሰን የቆየ እውቀት አለው። የወሰን ድንጋይ ቢነቀል መሬቱ አልተነቀለም፤ የሚያስፈልገው ሽማግሌ ጠርቶ ምልክቱን መፈለግና ወሰኑን መመለስ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም በመሬቱ ላይ አይረስም፣ አይገነባምም።

የወሰን ሰንጠረዡ የተበላሸበት ዲስክ ሁኔታ ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ባዶ ወይም ያልተሰናዳ አድርጎ ያሳየዋል፤ ብዙውን ጊዜም እንዲሰናዳ ይጋብዛል። ክሪስቶፍ ግርኒዬ ያዘጋጀው ቴስትዲስክ የተባለው ፕሮግራም በበኩሉ በዲስኩ ላይ የፋይል ሥርዓቶችን መነሻ ምልክት እየፈለገ ወሰኖቹን መልሶ ለመመዝገብ ይሞክራል። ሥራው የሽማግሌው ሥራ ነው። «ክፍልፋዩ ጠፋ» የተባለ ሰው ግብዣውን ተቀብሎ አዲስ ሊያሰናዳ ይችላል፤ «ወሰኑ ጠፋ» የተባለ ሰው ግን ወሰን እንደሚፈለግ ያውቃል።

5. «ጆርናል» መጽሔት አይደለም

በፋይል ሥርዓት ሙያ ጆርናል የሚባለው ነገር በአማርኛ ብዙ ተበድሏል። አንዳንዱ «መጽሔት» ብሎታል፤ ይህ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ማንሣት እንጂ መተርጎም አይደለም። ሌላው ከሂሳብ አያያዝ ወስዶ «የዕለት መዝገብ» ብሎታል። ይህኛው ይቀርባል፤ ነገር ግን የዕለት መዝገብ የተፈጸመውን የሚመዘግብ ሲሆን ይህ ጆርናል የሚመዘግበው ገና ሊፈጸም ያለውን ነው። ዋናው ነገሩም በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፋይል ሥርዓቱ በመዋቅሩ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በተለየ ስፍራ ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ «ተጠናቋል» የሚል ማኅተም ያደርግበታል፤ ከዚያ በኋላ ለውጡን በቦታው ያሰፍራል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መዝገቡ ይነበባል። ማኅተም ያለበት ለውጥ እንደገና ይፈጸማል፤ ማኅተም የሌለበት ይተዋል። ኤክስት-3 የተባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ይህን አሠራር ይዞ እ.ኤ.አ. በ2001 በ2.4.15 እትም ውስጥ ገባ፤ በኤክስት-2 ዘመን ከእያንዳንዱ ድንገተኛ መዘጋት በኋላ መላውን ዲስክ መመርመር ግድ ይል ነበር።

ለዚህ «የውጥን መዝገብ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ወጠነ» በአማርኛ ሥራን መጀመር፣ ስፌትን መነሻውን መጣል ነው። የተወጠነ ሙዳይ ገና ሙዳይ አይደለም፤ ግን መነሻው ታይቷል፣ ሊጨረስ ወይም ሊፈታ ይችላል። ቃሉ መጀመርንም አለመጨረስንም በአንድነት ስለሚይዝ ለዚህ አሠራር የሚስማማ ነው። ኃይል ከተመለሰ በኋላ የሚሆነውንም «ውጥንን መፈጸም» እንላለን።

ከስያሜው ጋር አብሮ ሊታረም የሚገባው አንድ የተሳሳተ ትርጓሜ አለ። በሥልጠና ጽሑፎች «ጆርናል ያለው የፋይል ሥርዓት መብራት ቢቋረጥም ፋይል እንዳይጠፋ ያደርጋል» የሚል አገላለጽ ያጋጥማል። ይህ ከእውነቱ ያልፋል። ኤክስት-3ና ኤክስት-4 በተለመደው አሠራራቸው በውጥን መዝገቡ የሚጽፉት የመዋቅሩን ለውጥ እንጂ ይዘቱን አይደለም። መዝገቡ የሚጠብቀው የፋይል ሥርዓቱን ስምምነት ነው፤ ሰው መጨረሻ ላይ የጻፋትን አንቀጽ ለመጠበቅ ቃል አልገባም።

ይህ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ኤክስት-4 ይዘትን በዲስክ ላይ ለማስፈር ቦታ መመደቡን ስለሚያዘገይ፣ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ድንገተኛ መዘጋት ከደረሰ በኋላ ስማቸው ያለ ይዘታቸው ግን ዜሮ ባይት የሆነ ፋይሎች ተገኙ። የፋይል ሥርዓቱ መዋቅር እንከን አልነበረበትም። በጉዳዩ ላይ ብርቱ ክርክር ተደርጎ በተከታዩ የሊኑክስ እትም ማሻሻያ ገባ። በዚህ ሁኔታ ፋይሉ ጠፋ ወይስ አልጠፋም? በስም አለ፣ በይዘት የለም። «ጠፋ» ብቻ ያለው ቋንቋ ለዚህ መልስ የለውም፤ «ይዘቱ አልሰፈረም» ስንል ግን የሆነው ነገር ራሱ ይገለጣል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ በዩኒክስ ቤተሰብ ዘንድ የቆየ ነው። ኤፍኤስሲኬ የተባለው መርማሪ ፕሮግራም ይዘታቸው ተገኝቶ የማንኛውም አቃፊ ያልሆኑ ፋይሎችን ሲያገኝ ሎስት-ፋውንድ በሚባል አቃፊ ውስጥ በቁጥር ብቻ ሰይሞ ያኖራቸዋል። ለእነዚህ «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ያለ አግባብ ያሳዝናል። «ስም ያልተገኘላቸው» ብንል ከእውነቱ አንጎድልም። አቃፊውንም «የተገኙ ፋይሎች» እንበለው፤ በውስጡ ያሉት በእርግጥ ተገኝተዋልና።

6. ማቃናት፣ ማትረፍ፣ መመለስ

ከብልሽት በኋላ ለሚደረገው ሥራ ሁሉ «ሪከቨሪ» ወይም «መልሶ ማግኘት» ይባላል። አንዳንዱም «ማገገም» ይለዋል። «ማገገም» የበሽተኛው እንጂ የሐኪሙ ሥራ ስላልሆነ ለዚህ አይመችም። «መልሶ ማግኘት» ደግሞ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል።

አንደኛው መዋቅሩን ወደ ስምምነት ማምጣት ነው፤ ይህን «ማቃናት» እንለዋለን። ኤፍኤስሲኬ የሚሠራው ይህን ነው። ሁለተኛው ከተጎዳ ዲስክ ላይ የሚገኘውን ይዘት ወደ ሌላ ስፍራ ማውጣት ነው፤ ይህ «ማትረፍ» ነው። ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም የፋይል ሥርዓቱን ትቶ ይዘቱን በመነሻ ምልክቱ እየለየ ሲያወጣ የሚያደርገው ይህን ሲሆን፣ የቀድሞውን ስም አብዛኛውን ጊዜ አያተርፍም። ሦስተኛው አስቀድሞ ከተቀመጠ ቅጂ ማምጣት ነው፤ ይህ «መመለስ» ነው።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተልን ይወስናል። ማቃናት በዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ስምምነትን ለማምጣት ሲል የማይስማማውን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ከሆነ ወይም ይዘቱ ምትክ የሌለው ከሆነ አስቀድሞ መላውን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ መገልበጥ፣ ከዚያም ማትረፍና ማቃናት በግልባጩ ላይ ይገባል። ሁለቱን «መልሶ ማግኘት» ብሎ የተማረ ሰው የትኛው እንደሚቀድም ሊጠይቅ እንኳ አይችልም፤ በእርሱ ቋንቋ ሥራው አንድ ነውና።

ለመጠባበቂያ ቅጂ በስልክ ገጾች ላይ የተለመደውን «ምትኬ» ግን ልናመሰግን እንወዳለን። ቃሉ «ምትክ» ከሚለው ጋር አንድ ሲሆን በሰው ስምነትም የታወቀ ነው፤ ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለድ ልጅ ይሰጣል። ምትክ አብዛኛውን ጊዜ ከማጣት በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ከማጣት በፊት ለሚዘጋጅ ቅጂ ፍጹም አይሆንም የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። ቢሆንም ቃሉ አጭር ነው፣ ተወድዷል፣ ከሌላ ጋር አይምታታም፤ ይህ ይበቃዋል።

ስለ «ፎርማት» ጥቂት እንጨምር። «ቅርጸት መስጠት» የሚለው ትርጉም መልካም ሥራ ይመስላል፤ ሥራው ግን የቀድሞውን የፋይል ሥርዓት በአዲስ መተካት ነው። ፈጣኑ ፎርማት ከይዘቱ ብዙውን በቦታው ሲተው፣ ሙሉው ፎርማት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ መላውን ክፍል በዜሮ ይሞላል። አንደኛው ስረዛ ነው፣ ሁለተኛው ድምሰሳ። «ፎርማት» የሚለው የተለመደ ቃል ይቆይ፤ ነገር ግን በመመሪያ ጽሑፍ «ፈጣን» ወይም «ሙሉ» የሚል ቅጽል ሳይኖረው አይጻፍ።

«የተበላሸ» ለሚለውም «ሙስና» ብሎ መተርጎም መወገድ ያለበት ነው። በግእዝ «ማሰነ» መበስበስንና መጥፋትን ስለሚያመለክት በሥሩ ስህተት የለበትም። የዛሬው አንባቢ ግን በቃሉ የሚረዳው ጉቦን ነው፤ ስያሜ ደግሞ ለዛሬ አንባቢ ይሰጣል።

7. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

ባለሙያዎቹ «ዲሊት»፣ «ሪከቨር»፣ «ፎርማት» እያሉ ስለሚግባቡ አዲስ ስያሜ አያስፈልግም የሚል አስተያየት ይኖራል። እኛ ውሰት ቃላትን አንጠላም። ዲስክ፣ ፋይል፣ ሴክተር በዚህ ጽሑፍ ያለ ትርጉም የገቡት ሕዝቡ ስለተቀበላቸው ነው። ነገር ግን የነገር ስም መዋስና የድርጊት ስም መዋስ አንድ አይደሉም። ከሁሉም በላይ «ሪከቨሪ» በመጣበት ቋንቋም ማቃናትን፣ ማትረፍንና መመለስን አደባልቆ የያዘ ነው። ቃሉን ስንዋስ ድብልቁንም እንዋሳለን። አማርኛ በዚህ ረገድ ከአበዳሪው የተሻለ ሀብት ሳለው መበደሩ ቁጠባ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕዝቡ «ጠፋ» ማለቱን አይተውም የሚል ነው። አይተው። በንግግር «ፋይሌ ጠፋ» የሚል ሰው ስህተት አልሠራም። እኛ የምንጠይቀው የትእዛዝ ገጽ፣ የሥልጠና ጽሑፍና የጥገና ደረሰኝ ከዚህ ቃል በላይ እንዲናገሩ ነው። በእነዚህ ሦስት ስፍራዎች ላይ የሚጻፍ ቃል አንባቢው ቀጥሎ የሚጫነውን ቁልፍ ይወስናልና።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ለውይይት የምናቀርባቸው ከዚህ የሚከተሉት ናቸው።

የዲስክ ክፍል — ለፓርቲሽን።
የወሰን ሰንጠረዥ — የዲስክ ክፍሎችን መነሻና መድረሻ ለሚመዘግበው።
የውጥን መዝገብ — ለፋይል ሥርዓት ጆርናል፤ ውጥንን መፈጸም — ከኃይል መመለስ በኋላ መዝገቡን ተከትሎ ለሚደረገው ሥራ።
መዝጋት — የመሣሪያን ኃይል ለማቆም፤ «ማጥፋት» ለዚህም ሆነ ለፋይል ባይጻፍ ይመረጣል።
መሰረዝ — ፋይልን ከአቃፊ መዝገብ ለማስወገድ።
መፋቅ — በኤስኤስዲና በፍላሽ ማስቀመጫ ላይ ይዘትን ከቦታው ለማንሣት።
መደምሰስ — በላዩ በመጻፍ ወይም በሌላ መንገድ ይዘትን እንዳይመለስ ለማድረግ።
ጠፋ — በሚጠበቅበት ቦታ ላልተገኘ፣ ገና ሊፈለግ ለሚችል ፋይል ወይም ወሰን ብቻ።
አልሰፈረም — ከማኅደረ ትውስታ ወደ ዲስክ ሳይደርስ ለቀረ ይዘት።
ማቃናት፣ ማትረፍ፣ መመለስ — በተራ ቁጥር 6 እንደተለዩት።
ምትኬ — ለመጠባበቂያ ቅጂ።

እነዚህ ስያሜዎች በኮሚቴ ከመጽደቃቸው በፊት በሥልጠና ክፍልና በጥገና ቤት ቢፈተኑ እንወዳለን። ፈተናውም ቀላል ነው። ደረሰኙን ለደንበኛው አንብቦ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ይዘቱ አለ፣ ወሰኑ ጠፍቷል» የተባለው ሰው «እንግዲያው እስክትፈልጉት አልነካውም» ካለ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል።